የሙሴ ስታቭሮ የሸክላ በግ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ልጆች ዳቦ ቆርሰው፣ ለስላሳ ከፍተው ሸኙኝ። አንደኛዋ፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ቀልደኛ ልጅ፣ እማማ ትርንጎ የሞሏቸው ጠርሙሶች ቢደረደሩ ከጎንደር አዘዞ ይደርሳሉ ብላ አሳቀችን። እውነቷን ነው። የሥራ ዘመኔ ሲጠቀለል ጠርሙስ መሙላት ነው፤ መጀመሪያ ሽቶ፣ በኋላ የሳል መድኃኒት። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የማስበው ስለሞላኋቸው አልነበረም። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ባዶ ስላስቀረሁት ስለ አንዱ ነበር። እሱም ጠርሙስ ከተባለ ነው፤ የሸክላ በግ ነበር።

የሆስፒታሉን ዘመን በአጭሩ ላሳልፈው። ከብዙ አለቆች ጋር ሠርቻለሁ፤ ጥሩም ነበሩ፣ ነገረኛም ነበሩ። ከሆስፒታሉ በፊት ደግሞ ሽቶን በውሃ እያበዛ የሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ቆይቼ፣ ተጣልቼው ወጥቻለሁ። ሥራ ያስተማሩኝ ግን ከሁሉም በፊት የነበሩት ሙሴ ስታቭሮ ናቸው። ያን ጊዜ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ እንለው ነበር። እኒህ ግሪካዊ ነበሩ፤ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት መጥተው፣ ጣሊያን ከወጣም በኋላ የቀሩ፣ ፒያሳ ላይ ሽቶ ቤት የነበራቸው፣ ጎንደሬ አማርኛ የሚናገሩ ሽማግሌ። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም።

ከወገራ መጥቼ እሳቸው ዘንድ ስገባ መጀመሪያ ወለል ጠራጊ ነበርሁ። ቀጥሎ ጠርሙስ አጣቢ ሆንሁ፤ በሁለተኛው ዓመት መሙላት ጀመርሁ። ደመወዜ ትንሽ ነበር፤ ቀኑን ግን አንድም ጊዜ አሳልፎ አያውቅም። ስለሱ ይህን ካልሁ ይበቃል።

ዋናው ሽቶ በቆርቆሮ ዕቃ ከአስመራ ይመጣል። ከአልኮል ጋር የሚቀላቅሉት ሙሴ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ጨለማ ጓዳ ውስጥ እስኪረጋ ያርፋል፤ ማንም አይነካውም። የኔ ሥራ ከዚያ ወዲያ ነው። በጥጥ አጠልለዋለሁ፣ በትንሿ ማንቆርቆሪያ እሞላለሁ፣ ቡሹን ከትቼ በሰም አሽገዋለሁ። ቀላል ይመስላል። ጎንደር የሚሸጠው እስከ አንገቱ ይሞላል፤ ወደ ዛሪማ የሚወርደው ግን ጣት የምታህል ቦታ ሊተውለት ይገባል፤ ያለዚያ ቆላው ሲሞቅ ሽቶው ያብጥና ቡሹን አስፈንጥሮ ይወጣል። ይህን ያወቅሁት አንድ ሙሉ ሣጥን በበቅሎ ጀርባ ላይ ካስፈሰስሁ በኋላ ነው። ሙሴ አልተቆጡም። በቅሎዋን ልትዳር ሽር ጉድ ስትል አገኘናት ብለው ለሳምንት ሲሥቁብኝ ቆዩ።

ሙሴ ከምሳ በኋላ ሽቶ አያሸቱም፤ የጠገበ ሰው አፍንጫ ይዋሻል ይሉ ነበር። አፍንጫቸው የደከመ እንደሆነ የገዛ ሸሚዛቸውን እጅጌ ያሸታሉ፤ የራሳቸውን ጠረን አሽትተው ከዚያ ወደ ሽቶው ይመለሳሉ። እኔ ቅቤ ተቀብቼ የመጣሁ ዕለት በር ላይ ያቆሙኛል። ሻሽ አሥሬ፣ እጄን በሎሚ ታጥቤ ካልሆነ ጓዳ አልገባም። መጀመሪያ ላይ ተናድጄ ነበር፤ በአገሬ ፀጉሯን ቅቤ ያልነካት ሴት እንዳዘነች ትቆጠራለችና። በኋላ ግን አንድ ቀን ቅቤ ተቀብታ የገባች ደንበኛ ከጎኔ ስትቆም የያዝሁትን ጽጌረዳ ከሎሚ አበባ መለየት አቃተኝ፤ ያን ጊዜ እውነታቸውን እንደሆነ ገባኝ።

ፊት ለፊት ባንኮኒው ላይ የሚሸጠው አያ ፈንታ ነበር። የደብር ሰው ልጅ ነው፤ ቅኔ ቤት ቆይቶ አቋርጦ የወጣ። ለሙሽራ ሽቶ ሲሸጥ ግእዝ ጣል ያደርግበታል፤ ሰውም ሽቶውን ከነቡራኬው ገዝቶ ይሄዳል። ሸጋ ሰው ነበር። አንድ ክፉ ነገር ብቻ ነበረበት። ሸክላ ሠሪ ሴት በደጃፉ ስታልፍ ያማትባል፤ ዓይኗን ይፈራል፤ የነካችውን አይነካም። በዚህ እሱ ብቻ አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ እንዲያ ነበር።

እኔ ደግሞ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። እናቴ አምባ ጊዮርጊስ ዳር ላይ ድስትና እንስራ እየሠራች ነው ያሳደገችኝ። መጀመሪያ ቀን ሙሴ ወላጆች አሉሽ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ አያ ፈንታ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ፈራሁ። አባቴ ገበሬ ነበር አልሁ፤ ይህ እውነት ነው። እናቴም ሞታለች አልሁ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ ዛሬም አላውቅም። ከወጣ በኋላ ግን መመለሻ አልነበረውም። በየዓመቱ ለእናትሽ ነፍስ ብሎ አያ ፈንታ ጸሎት ሲያደርስልኝ አሜን እላለሁ።

እናቴ አንዳንድ ቅዳሜ ዕቃዋን ተሸክማ ጎንደር ገበያ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ከአያ ፈንታ ጋር ቡሽ የሚሸጥ ሰው ፍለጋ ገበያ ወጣንና በሸክላው ተራ በኩል አለፍን። አየችኝ። እኔም አየኋት። ጫማ ተጫምቻለሁ፤ ሻሼ ነጭ ነው፤ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ገና ከሩቅ ማማተብ ጀምሯል። ዓይኔን ወደ በርበሬው ተራ አዞርሁ። እናቴ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነችልኝ። እኔ እንዳላፍር እሷ ተሸፈነች። ይህን ሳስታውስ ሰውነቴ ያፍራል፤ ሌላ ቃል የለኝም።

አሁን ወደ በጓ ልምጣ። ሙሴ ከጠረጴዛቸው በላይ ባለው መደርደሪያ፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ አንዲት የሸክላ በግ ያስቀምጡ ነበር። ከመዳፍ አትበልጥም። እግሮቿን አጥፋ ተኝታለች፤ ቀንዶቿ ወደ ጆሮዋ ተጠቅልለዋል፤ ፀጉሯ በቡናማ ቀለም ነጠብጣብ ነጠብጣብ ተደርጎ ተሥሏል። በጀርባዋ ላይ ጠባብ አፍ አላት፤ ከንፈሩ ሰፋ ያለ ነው። ሙሴ እንደነገሩኝ ከክርስቶስ ልደት ብዙ መቶ ዓመት በፊት በአገራቸው የሽቶ ቅባት የሚቀመጠው እንዲህ ባለ ዕቃ ነበር፤ ጥንቸል፣ ጉጉት፣ ጃርት፣ በግ እያስመሰሉ ይሠሩታል። አፉ የጠበበው ቅባቱ በጠብታ እንዲወርድ ነው፤ ከንፈሩ የሰፋው ደግሞ ጠብታውን ቆዳ ላይ ለማሸት። አባታቸው የወይን ቦታ ሲቆፍሩ ከጥንት መቃብር ውስጥ አገኟት። ሙሴ ይህን ሁሉ ነግረውኛል። ዋናውን ነገር ግን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ጊዜ ለዕቃ ግዢ አስመራ ሊሄዱ ሲነሡ፣ የበጓ ቡሽ ደርቋልና አፏን በሰም አድሺልኝ አሉኝ። ያሉኝ ይህን ብቻ ነው። አያ ፈንታ ባንኮኒው ላይ ሳለ እኔ ጓዳ ገብቼ አሮጌውን ቡሽ ነቀልሁት። ውስጡ ቡናማ ዝቃጭ ይዟል፤ የሻገተ ቅባት ሸተተኝ። አዘንሁላቸው። ሴት የሌለበት ቤት ነው፣ የሚያጥብላቸው የለ፣ እንዲህ ያለች የተዋበች ዕቃ ጠንብታ ልትቀር ነው ብዬ ነው ያዘንሁት። በዚያ ላይ እኔ ከማውቀው ሥራ ሁሉ በደንብ የማውቀው ይህ ነበር። የሸተተ ሸክላ እንዴት እንደሚድን ከእናቴ ጉልበት ሥር ተቀምጬ ነው የተማርሁት።

ወደ ተከራየኋት ክፍሌ ይዣት ሄድሁ። ግራዋ ወቅጬ ከደቃቅ ጠጠር ጋር በአፏ አስገባሁና እያገላበጥሁ ናጥኋት፤ ዝቃጩ በሙሉ ወጣ። በሙቅ ውሃ አለቃለቅኋት። እንደገና በግራዋ፣ እንደገና በውሃ፤ ሦስት ጊዜ። ጥላ ሥር ካደረቅኋት በኋላ የወይራ ጢስ በመቃ እያሳለፍሁ በሆዷ ሞላሁባት። በመጨረሻም በሞቀ አመድ ቀብሬ፣ የተወቀጠ ጎመንዘር ጣል አድርጌ አሟሸኋት። ቀለሟን አልነካሁም። ስጨርስ በጓ እንደ አዲስ ወዝታለች፤ አፏን በአዲስ ቡሽ ዘግቼ፣ በሰም አሽጌ ወደ መደርደሪያዋ መለስኋት። እናቴ ብታየኝ ብዬ ተመኘሁ። ምኞቴ እንዲህ በቶሎ ይሰማል አላልሁም።

ሙሴ የተመለሱት ከፋሲካ ዋዜማ ቀደም ብሎ ነው። የበጓን ወዝ ሲያዩ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ አነሧት። ሰሙን ፍቀው ቡሹን ነቀሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት። ቆዩ። ከዚያ የእጅጌያቸውን ጫፍ አሸተቱና እንደገና ሞከሩ። እኔ ምስጋና እየጠበቅሁ ነበር።

«ምን አደረግሻት?» አሉኝ ዝግ ብለው።

በኩራት ነገርኋቸው፤ ግራዋውን፣ ጢሱን፣ ጎመንዘሩን፣ አንድም ሳላስቀር። ሙሴ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እናታቸው የጽጌረዳ ቅባታቸውን የሚያኖሩት በዚያች በግ ውስጥ ነበር። እሳቸው እዚህ አገር ሳሉ እናታቸው ሞቱ፤ ከቤቱ ሁሉ የደረሳቸው ይቺው ናት። በዓመት አንድ ጊዜ በፋሲካ ይከፍቷታል፤ አንድ ጊዜ አሽትተው ይዘጓታል። እኔ ሻጋታ ያልሁት ለሳቸው እናታቸው ነበረች። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሳይቆጡ ነው፤ ቢመቱኝ ይቀለኝ ነበር።

ድንጋጤዬ አፌን ለቀቀው። «ሙሴ፣ በክፋት አይደለም» አልኋቸው። «እናቴ ዕቃ ስታሟሽ እንዲህ ነው የምታደርገው። አሁንም ሄጄ ብጠይቃት መላ አታጣለትም።»

አያ ፈንታ ከባንኮኒው ዘወር አለ። «ምነው፣ የትኛዋ እናትሽ ናት? የሞተችው?»

ከዚያ ወዲያ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። እናቴ እንዳልሞተች፣ አምባ ጊዮርጊስ እንዳለች፣ ሸክላ ሠሪም እንደሆነች ነገርኋቸው። አያ ፈንታ ጥቂት ቀደም ብሎ ከእጄ የተቀበለውን የውሃ ኩባያ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። እኔ ግን የማየው ሙሴን ነበር። በጓን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀና አሉ።

«እኔ የሞተች እናቴን ሽታ አፍኜ ይዤ እኖራለሁ» አሉ። «አንቺ በሕይወት ያለችውን ቀበርሻት?»

ሦስት ቀን ሥራዬን ሠራሁ፤ ማንም አላናገረኝም። መባረሬን እየጠበቅሁ ልብሴን ሳይቀር አጥቤ አጥፌ ነበር። ፋሲካ አለፈ፤ ሙሴ በጓን አልከፈቷትም። በማግስቱ ከሰዓት በፊት ጓዳ ድረስ መጡና በጓን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ጫማሽን አድርጊ፣ ወደ እናትሽ ውሰጅኝ፣ መላ ካላት እጠይቃታለሁ አሉኝ።

በአውቶቡስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ አንድ ሐሳብ ነው የያዘኝ፤ እናቴ ስታየኝ ምን ትል ይሆን የሚል። ይቅር ትለኝ ይሆን፣ ታባርረኝ ይሆን እያልሁ ነው የደረስሁት።

እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጣ እንስራ በለስላሳ ድንጋይ ታሻለች። መጀመሪያ ፈረንጁን አየች፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ ጫማዬን። ብድግ አለችና እጅ ነሣች። «ዕቃ ፈልጋችሁ ነው እመቤቴ?» አለችኝ። «ድስት አለ፣ እንስራም የደረሰ አለ።»

የማታውቀኝ መሰለች። እኔን ላለማሳፈር፣ ከገዛ ደጇ ላይ፣ የገዛ ልጇን እመቤቴ ብላ ጠራች። ያጠፋሁት ሁሉ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሄጄ ጭቃ የያዘ እጇን ያዝሁ።

«እማ፣ እኔ ነኝ። ያውቃሉ፤ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ።»

እናቴ ሙሴን በጎን አየቻቸው፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነገርሽ? ሥራሽስ?» አለችኝ።

አለቀስሁ። እሷ አላለቀሰችም፤ ለእንግዳው መቀመጫ ፍለጋ ጓዳ ገባች።

ሙሴ ተቀምጠው በጓን ከመሐረቡ ፈትተው ሰጧት። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተቀበለች። አገላበጠቻት፣ በጥፍሯ መታ አድርጋ ድምፅዋን ሰማች፣ ሆዷን ወደ ብርሃን አዙራ ብዙ አየች። ይህችን የሠራች ሴት ናት አለች። ሙሴ እንዴት አወቁ ብለው ሲጠይቋት ከበጓ ሆድ ሥር አንዲት ትንሽ ጎድጓዳ አሳየቻቸው። ሠሪዋ አፏን ስትገጥምላት ከሥር በትንሿ ጣቷ ደግፋታለች፤ የጣቷ መስመር ሳይቀር አለ። እናቴ የራሷን ትንሽ ጣት አስጠጋችበት፤ አልገባም፤ ከኔ እጅ ያነሰ እጅ ነው አለች። ሙሴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያውቋት ኖረው ያን ምልክት አይተውት አያውቁም ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው በጨርቅ ጠርገው እንደገና አዩት።

ከዚያ የመጡበትን ጠየቁ። የእናቴ ሽታ ይመለስ ይሆን አሏት። እናቴ በጓን አሸተተች። ወደኔ ዞራ ግራዋውን ስንት ጊዜ አልሽው፣ አመዱ የምን አመድ ነው፣ ጢሱን በምን አስገባሽው እያለች መረመረችኝ፤ እኔም እንደ ልጅነቴ ቆሜ መለስሁ። ስትጨርስ ወደ ሙሴ ዞረች።

«አይመለስም ጌታዬ» አለች። «ልጄ ደህና አድርጋ ነው ያጠበቻት።»

ድምፅዋ ውስጥ ኀዘን ነበረበት። ኩራትም ነበረበት፤ መደበቅ አልቻለችም። ሙሴ አይተዋት አይተዋት በመጨረሻ ሣቁ፤ ሲሥቁ እንባቸው ወረደ። እናቴ ከጎናቸው ቁጭ ብላ፣ እናትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ አለቻቸው። እኔ ስንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድም ቀን ያልጠየቅሁትን ነው የጠየቀቻቸው። ሙሴ ተናገሩ። እናታቸው ቁጡ እንደነበሩ፣ ዓሣ እንደማይወዱ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከጆሯቸው ኋላ አንዲት ጠብታ እንደሚያደርጉ፣ እሳቸውን ሲሸኙ ወደብ ላይ ቆመው መሐረብ ሳያውለበልቡ ዝም ብለው እንዳዩአቸው ነገሯት። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ ከንፈሯን መጠጥ ታደርጋለች።

ስንነሣ እናቴ አንድ ነገር አየች። የኔ አመድ ሞቆ ኖሮ ከበጓ አንገት ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ጀምሯል። ይህን አክመዋለሁ አለች። በሰምና በገል ዱቄት ደፈነችው። ሙሴ ደግሞ ባዶዋን አልወስዳትም፣ እርስዎ እንደገና ያጥኗት አሏት። እናቴ በራሷ ቤት፣ በራሷ ወይራ፣ በዝግታ አጠነቻት። ሙሴ አፏን ራሳቸው ዘጉ።

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ ቀላል ሆነ ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ደንበኛ እኔ የሞላሁትን ጠርሙስ መግዛት ተወ። ይህን ሲያዩ ሙሴ ከጓዳ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አቆሙኝ፤ ከሷ የማይገዛ ከኔም አይገዛም አሉ። አያ ፈንታ አንድ ዓመት ሙሉ ኩባያውን ለይቶ ከመሳቢያ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። እኔም ነገረኛ ነኝና በየጠዋቱ አጥቤ ወደ መሳቢያው እመልስለት ነበር፤ እያየ ይተወኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ገበያ መቀመጥ ጀመርሁ። ስትሞት አያ ፈንታ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ መጥቶ ለቅሶ ተቀመጠ። እሷ ከሠራችው ገንቦ የተቀዳ ጠላ ሲሰጠው ተቀብሎ ጠጣ።

በዓመቱ ሙሴ አርጅተው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ተነሡ። ሱቁን ሸጡ፤ ለአያ ፈንታም ለኔም የሚገባንን ሰጡን። ወደ አስመራ የሚሄደው አውቶቡስ ድረስ ልንሸኛቸው ወጣን። ከመሳፈራቸው በፊት ከኪሳቸው መሐረቡን አወጡና በጓን እጄ ላይ አኖሩ። ደነገጥሁ፤ የእናትዎ ናት፣ አልወስድም አልኋቸው።

«የእናቴ ከውስጧ ወጥቷል» አሉኝ። «አሁን ያለው የእናትሽ ነው። እኔ ከፍቼ አላውቅም፤ ያንቺ ስለሆነ።»

አውቶቡሱ ወጣ። እኔ እዚያው ቆሜ ሰሙን በጥፍሬ ፈቅሁና ቡሹን ነቀልሁ። ወይራው መጣ፣ ከኋላው እርጥቡ ጭቃ፣ ከዚያ የዚያች ጎጆ አመድ። ዓይኔን ጨፍኜ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አያ ፈንታ ትከሻዬን ይዞ ምን ሆንሽ ሲለኝ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ እናቴ ቤት ገብቼ ነው፣ የእናቴ ቤት ሸተተኝ አልሁት።